የእንዚራው ንዝረት ብልሽት አይደለም፦ ስለ ማስተሪንግ ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም እየዞረ ነው። ለእኔ ብቻ ስምንት ሰው ልኮልኛል። አንዱ ክራር ተጫዋች ነው። አንዷ የመጀመሪያ አልበሟን እየጨረሰች ያለች ድምፃዊት ናት። አንዱ ደግሞ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሙዚቃ ውስጥ የለበትም፣ ግን «ይሄ አንተን ይመለከትሃል» ብሎ ላከልኝ። ጽሑፉ በራሱ ገንዘብ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው፣ ማስተሪንግ የሚያደርግለትን ባለሙያ እንዴት ይምረጥ የሚል ነው። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው ደስ ይላል። በአማርኛ ስለዚህ ነገር የሚጻፈው ጥቂት ነው። አጻጻፋቸውም ጥርት ያለ ነው። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ያሳስታል፣ ገንዘብም ያስበላል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

ከየት ሆኜ እንደምናገር አንባቢ ማወቅ አለበት። የምኖረው ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሁለቱ መኝታ ክፍሎች አንዷን ስቱዲዮ አድርጌያታለሁ። እዚያ እቀዳለሁ፣ ሚክስ አደርጋለሁ። ማስተሪንግ አልሠራም። ስለዚህ ለራሴ ገበያ እየተሟገትኩ አይደለም። ወደ እኔ የሚመጡት ቀን ሲያስተምሩ፣ ሆስፒታል ሲሠሩ፣ ባጃጅ ሲያሽከረክሩ ውለው ማታ የሚዘፍኑ ሰዎች ናቸው። እቁብ ሲደርሳቸው ነው ስቱዲዮ የሚገቡት። ሚክሱ ሲያልቅ ሁሉም አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ማስተሩን ለማን ልስጠው?» በተሳሳተ ምክር ምክንያት የሚባክነው የእነሱ የእቁብ ገንዘብ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ሚክስ ማለት የድምፃዊውን፣ የክራሩን፣ የከበሮውን፣ የቤዙን ትራክ አመጣጥኖ ወደ አንድ ስቴሪዮ ፋይል ማምጣት ነው። ማስተሪንግ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የመጨረሻ ሥራ ነው። ሌላ ሰው፣ በሌላ ክፍል፣ በትኩስ ጆሮ ፋይሉን ይሰማል። የጎደለውን ያስተካክላል፤ የድምፁን ከፍታ ይወስናል፤ የአልበሙ ዘፈኖች እርስ በርስ እንዲስማሙ ያደርጋል። ሕዝብ ጆሮ ከመድረሱ በፊት ስህተት የሚያዝበት የመጨረሻው በር እሱ ነው።

የጸሐፊው ሐሳብ አምስት ነጥብ አለው። አንደኛ፣ ገንዘብ ካለህ ውጭ አገር ላክ፤ ከሌለህ በኢንተርኔት ራሱ ማስተር ለሚያደርግ ፕሮግራም ስጠው፤ መሃል ላይ ያለው የሰፈር ባለሙያ ገንዘብ ማባከኛ ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከየትኞቹ ታዋቂዎች ጋር እንደሠራ አይተህ ምረጥ። ሦስተኛ፣ አንድ ዘፈን ለሦስት ሰው ልከህ ድምፁ ጎልቶ የመጣውን ውሰድ። አራተኛ፣ ጎበዝ ሰው ካገኘህ የሚክሱ ነገር አያሳስብህ፤ እሱ ያነሳዋል። አምስተኛ፣ አንዴ ከሰጠኸው ጣልቃ አትግባ፤ ቀዶ ጥገና የሚያደርግልህን ሐኪም እንደማታዝዘው ሁሉ። ሳልጨምር ሳልቀንስ ያስቀመጥኩት ይመስለኛል።

ከሦስተኛው ልጀምር። ብዙ ሰው የሚጎዳው በእሱ ነው።

የሰው ጆሮ ከፍ ያለውን ድምፅ «የተሻለ» አድርጎ ይሰማዋል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህንን የሚያስረዳ ጥናት በ1933 እ.ኤ.አ. አውጥተዋል። ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙና ቀጭኑ ከመሃለኛው ይልቅ ቶሎ ይጠፉብናል። ከፍ ሲል ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ አንድን ፋይል ሌላ ምንም ሳትነኩ 2 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብታነሱት፣ ቤዙ የሞላ፣ ጥራቱም የጨመረ ይመስላችኋል። ሦስት ማስተር አሰልፎ ጎላ ያለውን መምረጥ ቮልዩም መምረጥ ነው። የባለሙያውን ሥራ ገና አልሰማችሁትም።

ያቺ አልበሟን እየጨረሰች ያለች ልጅ ይህንኑ አድርጋ ነበር፤ ጽሑፉ ከመውጣቱም በፊት። አንድ የትዝታ ዘፈኗን ለሦስት ሰው ሰጥታ፣ ሦስቱንም በፍላሽ ይዛ እኔ ጋ መጣች። አሰማኋት። ሁለተኛው ገና ሲጀምር ብድግ አለች። «በቃ ይሄ ነው! ሌሎቹን ተዋቸው።» ስክሪኑን አየሁ። ሁለተኛው ከሁለቱ በ4 ዴሲቤል ይበልጣል። ዝም ብዬ እሱን አወረድኩት፤ ሦስቱም እኩል ሆኑ። ቅደም ተከተላቸውን ቀያየርኩና የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግራት እንደገና አሰማኋት። ዓይኗን ጨፍና ነው ያዳመጠችው። የመረጠችው ላይ ስትደርስ ግንባሯን ቋጠረች። «ይሄኛው ምነው ታፈነ?» አለች።

ልክ ነበረች። ድምጿ ከማለቁ በፊት ማሲንቆው በስሱ የሚገባበት ቦታ አለ። እዚያ ጋ የነበረው ትንፋሽ የለም። ከበሮው በተመታ ቁጥር ድምጿ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቀስ ብሎ ይመለሳል። ይህን የሚያደርገው ሊሚተር ነው። ድምፅ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ ይጫናል። ከልክ በላይ ሲገፉት ከበሮው ጣሪያውን በነካ ቁጥር ዘፈኑን በሙሉ ይዞት ይወርዳል። የአማርኛ ቃል ደግሞ በዚህ ቶሎ ይጎዳል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ የመሰሉት ድምፆቻችን አጭርና ሹል ናቸው። በጣም የተጫነ ማስተር ላይ ሹልነታቸው ይደንዛል። ግጥሙ የሚሰማ ግን የማይያዝ ይሆናል። ልጅቷ መጨረሻ ላይ የመረጠችው ሦስተኛውን ነው። መጀመሪያ ላይ እስኪያልቅ እንኳን አልሰማችውም ነበር።

ሌላም አለ። ያ ሁሉ ጩኸት የትም አይደርስም። ስፖቲፋይ ዘፈኖችን ወደ -14 ላፍስ አካባቢ ያመጣቸዋል። ላፍስ ጆሮ የሚሰማውን አማካይ ከፍታ የሚለካ መስፈሪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ድምፁ ጎላ ያለ ነው። አፕል ሙዚክ ማመጣጠኛው ሲበራ ወደ -16 ያወርዳል። ዩቲዩብም ጎላ ያለውን ይቀንሳል። በ-8 የተሠራ ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ 6 ዴሲቤል ተቀንሶለት ከሌላው እኩል ይሆናል። ጩኸቱ ይወሰዳል፣ የታፈነው ግን እንደታፈነ ይቀራል።

እዚህ ላይ ግን ጸሐፊውን የሚደግፍ አንድ እውነት አለ፤ አልደብቀውም። የእኛ አድማጭ ስፖቲፋይ ላይ ብቻ አይደለም። ዘፈን በቴሌግራም በኤምፒስሪ ይላካል። የሚኒባስ ሹፌር በፍላሽ ይጭነዋል። እዚያ የሚያመጣጥን የለም። በጣም ዝቅ ብሎ የተሠራ ዘፈን ከጎኑ ካለው ጋር ሲሰለፍ ይደክማል። ስለዚህ «ከ-14 በላይ እንዳታልፉ» የሚሉትም ልክ አይደሉም። ዘፈኑ ከቻለው -10፣ -9 ድረስ መሄድ ነውር የለውም። መወሰን ያለበት ግን ዘፈኑን ሰምቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ጣሪያው ላይም 1 ዴሲቤል ያህል ክፍተት ይተው፤ ፋይሉ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ጫፉ ከፍ ብሎ እንዳይሰነጠቅ።

አሁን ወደ አንደኛው ነጥብ። ውጭ አገር፣ ወይ ፕሮግራም።

የመጨረሻውን ሥራ ውጭ የመላክ ልማድ ዛሬ የመጣ አይደለም፤ መነሻውም የሚገባ ነው። አምሃ እሸቴ ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. አምሃ ሬከርድስን ሲያንቀሳቅስ ከመቶ በላይ ሲንግል ሸክላ አውጥቷል። ቀረጻው እዚህ፣ ሕትመቱ ውጭ ነበር፤ መጀመሪያ ህንድ፣ ኋላም ሊባኖስ። የሸክላ ማተሚያ እዚህ ስላልነበረ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ዛሬም ሙዚቃውን በሸክላ ማውጣት የሚፈልግ ሰው የሸክላ ቆረጣ የሚያውቅ ባለሙያ ፈልጎ ውጭ ቢልክ ልክ ነው። ለስልክና ለኢንተርኔት ለሚወጣ ዘፈን ግን ያ ምክንያት የለም። የሚላከው ፋይል ነው። ፋይሉን የሚሰማው ጆሮ ማን ነው? በምን ዓይነት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል? ጥያቄው ይሄ ብቻ ነው።

ስለ ጆሮው የደረሰብንን ልንገራችሁ። አንዲት በገና ደርዳሪ በሁዳዴ የሚወጣ መዝሙር እኔ ጋ ቀዳች። በገና አሥር አውታር አለው። አውታሮቹ ከሚያርፉበት ብርኩማ ላይ እንዚራ የምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲደረደር እሷን እየነካካ ይነዝራል። በገናን በገና የሚያደርገው ያ ንዝረት ነው። ፋይሉን ውጭ ላለ ባለሙያ ላክን። ስሙ የታወቀ፣ ዕቃው የተሟላ ሰው ነው። ከአራት ቀን በኋላ መለሰልን። መልእክቱ ላይ ከገመዱ የሚመጣውን የተበላሸ ድምፅ እንዳጸዳልን ጽፏል። ከፍተን ሰማነው። በገናው ጥጥ ውስጥ የተቀበረ ክራር መስሏል። ልጅቷ ሄድፎኑን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም።

ጥፋቱ የእኛም ነበር። ምን እንደላክንለት አልጻፍንለትም። ስንነግረው በትሕትና ይቅርታ ጠይቆ መለሰው። ቢሆንም ንዝረቱ ምን ያህል ጎልቶ መውጣት እንዳለበት የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በመጨረሻ ለገጣፎ ለሚሠራ አንድ ሰው ሰጠነው። ፋይሉን በላክን በማግሥቱ ደወለ። የመጀመሪያ ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «እንዚራው ከድምጿ እኩል ይምጣ፣ ወይስ ከኋላዋ ይሁን?» ይህን ለመጠየቅ ሁዳዴ በመጣ ቁጥር በገና ሲሰማ ያደገ ጆሮ ይጠይቃል።

ውጭ ያለ ሁሉ አያውቅም፣ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል ማለቴ አይደለም። ቢቱ ኤሌክትሮኒክ የሆነ፣ ከየትም አገር ሙዚቃ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ያለው ሰው ውጭ ልኮ ግሩም ነገር ሊያገኝ ይችላል። ገንዘቡን ግን ያስብበት። 10 ዘፈን በ50 ዶላር ቢሠራ 500 ዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር 57 ብር አካባቢ እያለ፣ ይህ 28,500 ብር ነበር። ዶላሩ ከ100 ብር ካለፈ በኋላ ከ50,000 በላይ ነው። አከፋፈሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል፣ በእሱ ካርድ ይከፈላል። ማስተካከያ ሲያስፈልግ ደግሞ እንደገና መለመን።

ስለ ፕሮግራሞቹ። ከቀደሙት አንዱ የሆነው ላንደር በ2014 እ.ኤ.አ. ነው አገልግሎት የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጥተዋል፣ ተሻሽለዋልም። እኔም እጠቀማለሁ። ለማስታወቂያ የሚሆን አጭር ቅንጭብ ሲፈለግ፣ ድምፃዊው ዘፈኑ ሲያልቅ ምን ሊመስል እንደሚችል መስማት ሲፈልግ ጥሩ ነው። ምንም ገንዘብ ለሌለው ሰው ጨርሶ ካለመሥራት ይሻላል የሚለው የጸሐፊው ሐሳብም ያስማማኛል። የማልስማማው «መሃል ላይ ምንም የለም» በሚለው ነው። ፕሮግራሙ ስለ እንዚራው አይጠይቃችሁም። «ሁለተኛው አዝማች ላይ ድምጿ ከማሲንቆው ጋር ይጋጫል፣ ሚክሱን አስተካክለህ መልሰህ ላክ» አይላችሁም። የሰጣችሁትን ተቀብሎ ያብረቀርቀዋል። ስህተቱንም ጭምር።

እንግዲህ መሃል ላይ ያለው የሰፈር ባለሙያ በምን ይታወቃል? ጸሐፊው ይህን ጨርሰው አላነሱትም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ እሱ ነው፤ ትንሽ ልቆይበት።

ክፍሉን እዩ። ከስፒከሩ በፊት፣ ከኮምፒውተሩ በፊት ክፍሉን።

የእኔ ክፍል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ 3 ሜትር ከ40 ሴንቲ ገደማ ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። በዚህ ስፋት ውስጥ 50 ኸርዝ አካባቢ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ይመላለስና ባለበት ይቆማል። ቤዝ ጊታር በወፍራሙ ክር ዝቅተኛውን ጂ ሲመታ 49 ኸርዝ ነው። ልክ እዚያ ላይ ይወድቃል። ግድግዳው ጋ ቆማችሁ ስትሰሙት ደረት ይመታል። አንድ ሜትር ከሰባ ተራምዳችሁ መሃል ላይ ስትደርሱ ይጠፋል። ዘፈኑ ያው ነው፣ ስፒከሩም ያው ነው። መሃል ላይ ወንበሩን ያደረገ ሰው «ቤዝ ይጎድለዋል» ብሎ ይጨምራል። ዘፈኑ ታክሲ ውስጥ ሲገባ የበሩ ብረት ይንቀጠቀጣል። እኔ ማስተሪንግ የማልሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ክፍሌን አውቃታለሁ፤ የመጨረሻውን ቃል እንድትናገር አላምናትም።

ስለዚህ ባለሙያውን ሄዳችሁ ጎብኙት። የምታውቁትን ዘፈን አስከፍቱ። ቤዙ በጉልህ በሚሰማበት ቦታ ከወንበሩ ተነስታችሁ ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ጥግ ተራመዱ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ከሆነ ክፍሉ ገና አልተሠራም። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ወይም ስስ ስፖንጅ ስላያችሁ አትታለሉ። የ50 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል። 5 ሴንቲ ስፖንጅ ለእሱ ምኑም አይደለም። ስፖንጁ የሚውጠው ቀጭኑን ድምፅ ብቻ ስለሆነ እንዲያውም ክፍሉን የባሰ ጨለማ ያደርገዋል። ወፍራሙን የሚይዘው በየጥጉ የታጨቀ ወፍራም ነገር ነው።

ያ የለገጣፎው ሰው ከግቢው ኋላ በብሎኬት የተሠራች አንዲት ረዘም ያለች ክፍል አለችው። በአራቱም ጥግ የጥጥ ፍራሽ ተጠቅልሎ ከወለል እስከ ጣሪያ ቆሟል፤ በጨርቅ ተሸፍኗል። ስፒከሮቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ መካከለኛ ዋጋ ያላቸው፣ ብዙ ዓመት የሰማባቸው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ርካሽ የብሉቱዝ ስፒከርና አንድ የተሰነጠቀ ቴክኖ ስልክ አለ። እያንዳንዱን ዘፈን በሁለቱም ይሰማዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ በብሉቱዝ ስፒከር ግራና ቀኙ አንድ ላይ እንደሚቀላቀል ነገረኝ። በፕሮግራም ያለልክ ወደ ጎን የተለጠጠ ድምፅ እዚያ ሲደርስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ክራሩ ሄድፎን ላይ ሰፊ ሆኖ ይሰማና ሰፈር ሱቅ ውስጥ ሲከፈት የለም። የእኛ አድማጭ ደግሞ ሰፈር ሱቅ ውስጥ ነው ያለው። ክረምት ላይ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ሥራውን አቁሞ ይወጣል። እስኪያባራ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። ከከተማ መራቁ ጠቅሞታል፤ ከዝናቡ ሌላ የሚረብሸው የለም።

እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይደለም። እዚህ ከተማ ማስተሪንግ ብቻ የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው የሚለው የጸሐፊው ሐሳብ እውነት ነው። አብዛኛው አቀናባሪ ነው፣ ሚክስ ያደርጋል፣ ጨርሶም ማስተሩን ራሱ ያክልበታል። ያ ደግሞ ትኩስ ጆሮ የሚባለውን ጥቅም ያጠፋዋል። ከጥቂቶቹ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ግን ይቻላል። ታክሲ ተሳፍሮ ሄዶ ማየት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር ነው። ከታዋቂዎች ጋር መሥራት መጥፎ ምልክት አይደለም። ግን የአልበም ጀርባ ላይ «ሚክሲንግና ማስተሪንግ» ተብሎ በአንድ መስመር፣ በአንድ ስም ሲጻፍ አይታችኋል። ከዚያ ውስጥ ማስተሪንጉ ምን እንደጨመረ በምን ይታወቃል? የታዋቂው ዘፈን ሲመጣ ቀድሞ በጎበዝ አቀናባሪ ተሠርቶ፣ በጥሩ ማይክ ተቀድቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስም አትጠይቁ። «የእኔን የሚመስል ሥራ ከማስተር በፊትና በኋላ አሰማኝ» በሉ። ሁለቱን እኩል ቮልዩም ላይ አድርጎ ካሰማችሁ፣ እሱ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። የሥራው ባለቤት ሳይፈቅድ ማሰማት አልችልም ካለም አክብሩት፤ የእናንተንም ለሌላ ሰው አያሰማም ማለት ነው።

አራተኛው ነጥብ፣ ማስተሪንግ የተበላሸ ሚክስ ያነሳል የሚለው፣ ብዙ ሰው በቸልታ እንዲሠራ ያደርጋል። ማስተር የሚያደርገው ሰው እጅ የሚገባው አንድ የተዋሃደ ፋይል ነው። ከበሮውን አውርዶ ድምፁን ማንሳት አይችልም። ቀጭኑን ድምፅ ቢያነሳ «ሰ» እና «ሸ» የምትለዋ ምላስም አብራ ትነሳለች። ወጡ ከበሰለ በኋላ ሽንኩርቱን መልሶ ማቁላላት የለም። ትራኮቹን በቡድን በቡድን ከፋፍሎ መላክ ይቻላል፤ ከበሮና ቤዝ ለብቻ፣ ድምፅ ለብቻ። ያ ትንሽ መንገድ ይከፍታል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ግን ከዚያ ይልቅ ሚክሱ ላይ አንድ ቀን መጨመር ይረክሳል። የለገጣፎው ሰው የእኔን ሚክስ ሦስት ጊዜ መልሶብኛል። አንዴ ደቂቃና ሰከንዱን ጽፎ፣ «እዚህ ጋ ክራሩ ድምፁን ይሸፍነዋል» ብሎ። ለመመለሱ ገንዘብ አልጠየቀም። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር። ሚክሱን ከፍቼ ስሰማው ልክ ነው። ሳይናገር ተቀብሎ ገንዘቡን ቢወስድ ኖሮ ማንም አያውቅበትም ነበር።

አምስተኛው ላይ ጸሐፊው ያመጡት የሐኪም ምሳሌ ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ሐኪምም ቢሆን መጀመሪያ «የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሕመምተኛው ዝም ካለ ሐኪሙ በግምት ነው የሚሠራው። እኛም በበገናው ዝም ብለን ያየነው ይህንን ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ገብቶ ማዘዝ ተገቢ እንዳልሆነ እስማማለሁ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሥራ ያበላሻል፣ አይቻለሁ። ግን ከመጀመሩ በፊት ንገሩት። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሆነ፣ የትኛው መሣሪያ ፊት መውጣት እንዳለበት፣ ሰው በምን እንደሚሰማው። ድምፁን የምትወዱትን ሁለት ሌላ ዘፈን ላኩለት። የአልበሙን ቅደም ተከተል ስጡት። ፋይሉን እንደ ኤምፒስሪ ሳይጨመቅ በ24 ቢት ዌቭ፣ ሊሚተሩን አጥፍታችሁ ላኩ። እኔ ራሴ ለድምፃዊው ለማሰማት ያደረግኩትን ሊሚተር ሳላጠፋ ልኬ አውቃለሁ፤ ለእሱ የሚሠራበት ቦታ አልተረፈም ነበር።

ስምምነቱንም ቀድማችሁ ጨርሱ። ስንት ጊዜ ያስተካክላል? ሁለት ጊዜ በቂ ነው። ድምፅ የሌለው፣ ሙዚቃው ብቻ ያለበት ፋይል አብሮ ይሰጣል ወይ? መድረክ ላይና ቴሌቪዥን ስትጠሩ ያስፈልጋችኋል፤ በኋላ ስትጠይቁ እንደ አዲስ ያስከፍላል። ቀብድ ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ? ይህን ሁሉ በቴሌግራም ጽሑፍ ተነጋገሩ፤ በቃል የተባለ ይረሳል።

ከሁሉ በፊት ደግሞ አንድ ዘፈን ብቻ አሠሩ። አልበሙን በሙሉ አትስጡ። የአንዱን ዋጋ ክፈሉ፣ ፋይሉን ስልካችሁ ላይ ጫኑና ሦስት ቀን ይዛችሁት ዙሩ። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩን ለምናችሁ አስከፍቱት። ማታ ቤት ውስጥ ዝቅ አድርጋችሁ ስሙት። ሙዚቃ የማይሠራ ሰው አሰሙና ግጥሙን ድገምልኝ በሉት።

ያቺ ድምፃዊት ሦስተኛውን ማስተር ይዛ ከአራብሳ እስከ መገናኛ እንዲህ አድርጋለች። ሹፌሩ ፍላሹን ተቀብሎ ከፈተው። መሃል ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት አዝማቹ ሁለተኛ ሲመጣ በከንፈራቸው አብረው ያሉት ጀመር። ደውላ ስትነግረኝ ከታክሲው ገና አልወረደችም ነበር። የቀሩትን ዘጠኝ ዘፈኖች በማግሥቱ ለዚያው ሰው ላከች።